ለቅጥር የሚጠቅም ኢንተርንሺፕ፦ የት ልግባ? ምን ይዤ ልውጣ?

ሲቪል፣ 4ኛ ዓመት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ነኝ። በሚመጣው ሴሚስተር ክፍል የለንም፤ አራት ወር ሙሉ ኢንተርንሺፕ ነው። የትብብር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ወስጄ ሦስት ቦታ አስገብቻለሁ፤ ሦስቱም እንቀበልሻለን ብለውኛል። አንዱ ጂ+7 ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ነው፤ የትራንስፖርት ይከፍላል። ሌላው ዲዛይንና ቁጥጥር የሚሠራ አማካሪ ድርጅት ነው፤ ክፍያ የለውም። ሦስተኛው ለቤታችን የሚቀርብ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው።

ከእኛ በፊት የወጡት ልጆች «ደብዳቤውን ይዘን ብንዞር ዞር ብሎ ያየን የለም» ይላሉ። ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ለቅጥር የሚሻለው የቱ ነው? ቃለ መጠይቅ ላይ ሚዛን የሚደፋው ምን ይዤ ብወጣ ነው? ደብዳቤውስ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል ወይ? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የሳይት መሐንዲስ

እህቴ፣ ስለ ድርጅቱ ስምና ስለ ክፍያው ከማሰብሽ በፊት ሳይቱ አሁን ምን ደረጃ ላይ እንዳለ አጣሪ። ተቋራጩን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «በሚቀጥሉት አራት ወራት ስንት ሶሌታ (የወለል አርማታ) ትሞላላችሁ?» ሦስት ወይም አራት ካለሽ ሂጂ። የመጀመሪያውን ወለል ታያለሽ፣ ሁለተኛውን አብረሽ ትሠሪያለሽ፣ ሦስተኛው ላይ ስህተት ቀድመሽ መያዝ ትጀምሪያለሽ። ሥራው ልስንና ሴራሚክ ላይ ከደረሰ ስትራክቸሩ (ሕንፃውን የሚሸከመው አካል) አምልጦሻል፤ የጀማሪ መሐንዲስ ጥያቄ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከስትራክቸር ነው። ገና ቁፋሮ ላይ እያለ ክረምት ከገባበት ውኃ ሲያስወጡ እያየሽ ጊዜው ያልቃል። ክፍያ ወይም ሲሚንቶ አጥቶ የቆመ ሳይት ከሆነ ስሙ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ይቅርብሽ። ወረዳውም በእጁ እየተገነባ ያለ ፕሮጀክት ከሌለው ፋይል ማገላበጥ ብቻ ነው የሚተርፍሽ።

ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት የስትራክቸርና የአርክቴክቸር ድሮዊንጉን ጠይቀሽ አንብቢ። ብዙ ተማሪ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፦ ድሮዊንግ ሳያነብ ሳይት ይወጣል፣ ከፎርማኑ ኋላ ኋላ ይዞራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ማታ የሠራተኛ ብዛት ይመዘግባል። በኋላ «ምን ሠራህ?» ሲባል «ሱፐርቫይዝ አደርግ ነበር» ይላል፤ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ላይ ይቆማል።

ከድሮዊንጉ አንድ ኮለን (ምሰሶ) ምረጪና እስከ ታች ውረጂበት። መጠኑ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ዋናው ፌሮ (ብረት) 6 ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ ስታፋው (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) ባለ 8 ሆኖ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ነው እንበል። አርማታው 0.36 ሜትር ኩብ ነው። ኦቨርላፑ (ከላይኛው ወለል ፌሮ ጋር የሚደራረበው ርዝመት) 50 ጊዜ ዲያሜትር ከሆነ 80 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ፌሮ 3.80 ሜትር፣ ስድስቱ 22.80 ሜትር ይሆናሉ። የአንድ ሜትር ክብደት ለማግኘት ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢና ለ162 አካፍዪ፤ ባለ 16 ወደ 1.58 ኪሎ ይመጣል። ዋናው ፌሮ በጠቅላላው 36 ኪሎ ነው። ከቨሩ (ፌሮውን የሚሸፍነው የአርማታ ውፍረት) 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስታፋው 25 በ35 ነው፤ ከነመንጠቆው 1.36 ሜትር ብትይዢው 21 ስታፋ 28.56 ሜትር ይሆናል፤ በባለ 8 ፌሮ የአንድ ሜትር ክብደት በ0.395 ሲባዛ 11.3 ኪሎ ገደማ።

ይህን ያህሉን ክፍል ውስጥም ትሠሪዋለሽ። ሳይት የሚያስተምርሽ ፌሮው በ12 ሜትር ዘንግ እንደሚመጣ ነው። ከአንዱ ዘንግ 3.80 ሦስት ጊዜ ይወጣና 60 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ብክነቱ 5 በመቶ ነው። የወለሉ ከፍታ 3.30 ሜትር ቢሆን ግን እያንዳንዱ ፌሮ 4.10 ይሆናል፤ ከዘንጉ ሁለት ብቻ ይወጣና 3.80 ሜትር ይቀራል። ያ ትርፍ የሚገባበት ቦታ አስቀድሞ ካልታሰበለት ከዘንጉ ከ30 በመቶ በላይ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ወለል የመቁረጫ ዝርዝር በኤክሴል አውጥተሽ ለቢሮ መሐንዲሱና ለፌራዮው (ፌሮ ቆርጦ ለሚያስረው ባለሙያ) ስጪ። ፌራዮው «ይሄ አይታጠፍም፣ ይሄ ከቢሙ (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ፌሮ ጋር ይጋጫል» ይልሻል፤ የሚነግርሽን ሁሉ ጻፊ። በዚህ ሰነድ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ መጠየቅ ይቻላል፤ አንቺም አንድ ሰዓት ሙሉ መመለስ ትችያለሽ።

የሙሌት ቀን ቦታሽ ሚክሰሩ አጠገብ ይሁን። የስላምፕ (የአርማታውን ቅጥነት የሚለካው ሙከራ) ኮኑ ቁመት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሦስት ንብርብር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ንብርብር 25 ጊዜ በዘንግ ይወጋል። 15 ሳንቲ ሜትር ኪዩቦች (ለጥንካሬ ሙከራ የሚሞሉ የአርማታ ናሙናዎች) ተወስደው የተወሰኑት በ7ኛው፣ የተወሰኑት በ28ኛው ቀን ይሰበራሉ፤ የ7ኛው ቀን ውጤት ብዙ ጊዜ የ28ኛውን ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይሆናል። ቀኑን፣ የተሞላውን ክፍል፣ ስላምፑንና ሁለቱን ውጤቶች በአንድ ሠንጠረዥ ያዢ። ውጤት ዝቅ ሲል ምክንያቱን ከሠንጠረዡ ትፈልጊያለሽ። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ በይዘት ወደ 35 ሊትር ነው፤ 50 በ40 በ18 የሆነ የአሸዋና የጠጠር መስፈሪያ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል። ሳጥኑ ተቆልሎ ከተሞላ፣ ወይም እርጥብ ሆኖ ያበጠ አሸዋ እንደ ደረቅ ከተሰፈረ፣ ድብልቁ ወረቀት ላይ ያለው አይደለም። ከሁሉ የከፋው አርማታው ሲጠነክርባቸው ስላምፕ ከተለካ በኋላ ውኃ መጨመር ነው፤ ኪዩቡ ውኃ ሳይጨመር የተወሰደ ከሆነ ውጤቱ ጥሩ ይመጣል፣ ኮለኑ ውስጥ ያለው ግን ሌላ አርማታ ነው።

ሌላም አለ። ድሮዊንጉ ላይ ሲ-25 የሚል የአርማታ ደረጃ ስታዪ በየትኛው ኮድ እንደሆነ እርግጠኛ ሁኚ። በቀድሞው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ኢቢሲኤስ-2 (በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው) 25ቱ ሜጋ ፓስካል የኪዩብ ጥንካሬ ነው። በአዲሱ ሲ25/30 ሲባል 25ቱ የሲሊንደር፣ 30ው የኪዩብ ነው። በአንዱ የሚያልፍ የኪዩብ ውጤት በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ሲቪል፣ 4ኛ ዓመት

በጣም አመሰግናለሁ፤ ነገ ደውዬ የሶሌታውን ነገር እጠይቃለሁ። አማካሪው ጋ ብገባ ከዚህ ያንሳል ማለት ነው? ደግሞስ የሠራሁትን ኤክሴልና ድሮዊንግ ይዤ መውጣት ችግር የለውም?

ሬዚደንት መሐንዲስ (ሳይት ላይ የአማካሪው ተወካይ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ተቋራጭ ቤት ብቻ ይጠቅማል የሚል ስሜት ከያዘሽ ግን አልስማማም። አማካሪ ድርጅት ውስጥ ወሳኙ የትኛው ክፍል እንደምትመደቢ ነው። ዲዛይን ክፍል ከሆነ በአራት ወር የሚሰጥሽ ኦቶካድ ላይ ማረም ነው፤ የሕንፃ ስሌት ለተማሪ አሳልፎ የሚሰጥ ኃላፊነት የሚሰማው ቢሮ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ቁጥጥር ክፍል ከሆነ ግን የሁለቱንም ወገን ወረቀት ታያለሽ። ስለዚህ ገና ከመግባትሽ «ቁጥጥር ላይ መድቡኝ» በያቸው።

ከሙሌት በፊት ተቋራጩ የፍተሻ ጥያቄ ያስገባል። ያን ወረቀት ይዘሽ ውጪና ራስሽ አጣሪ፦ የፌሮው ብዛትና ዲያሜትር፣ የስታፋው ርቀት (ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ላይ ስታፋ ይዘለላል፤ ማሰሩ ስለሚያስቸግር)፣ ስፔሰሩ (ከቨሩን የሚጠብቀው) መኖሩ፣ የፎርም ወርኩ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ድጋፍ፣ ሌቭሉ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦዎቹ፣ የእንጨት ፍቅፋቂና የማሰሪያ ሽቦ ቁርጥራጭ መጠረጉ። ያገኘሽውን መጀመሪያ ለተቆጣጣሪው ንገሪ፤ በቀጥታ ለፎርማኑ ትዕዛዝ አትስጪ። ተማሪ ትዕዛዝ ሰጥቶ ሥራ ከፈረሰ ተጠያቂው ቢሮው ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያሳዩሽም።

ሁለተኛው ሀብት የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበት ሰነድ) ነው። ቴክ ኦፍ ሺቱ (የሥራ መጠን መለኪያ ቅጹ) ላይ ታይምሲንግ፣ ዳይሜንሽን፣ ስኩዌሪንግና ዲስክሪፕሽን የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ አርማታ በሜትር ኩብ፣ ፎርም ወርክ በሜትር ካሬ፣ ፌሮ በኪሎ ይለካል። ጀማሪ የሚሳሳተው መጋጠሚያ ላይ ነው፦ ኮለኑን እስከ ሶሌታው ጫፍ ለክቶ ቢሙን ደግሞ ከአክሲስ እስከ አክሲስ (ከኮለን መሀል እስከ ኮለን መሀል) ይይዛል፤ መሀል ያለው አርማታ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ከዚያ ከተሠራው ሥራ ዋጋ ላይ የቅድመ ክፍያ ተመላሽና ሪቴንሽን (ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ) እንዴት እንደሚቀነስ፣ 15 በመቶ ቫት የት ላይ እንደሚጨመር ተከታተዪ። አንድ ሰርተፍኬት ከመለካት እስከ ፊርማ ድረስ የተከተለች ተመራቂ ለቢሮ መሐንዲስነት ስትወዳደር ጥያቄው አዲስ አይሆንባትም።

ጊዜውን ለሁለት ከፍለሽ ሁለቱም ጋ ልሥራ እንዳትዪ። የመጀመሪያው ወር ሰው በመልመድና ድሮዊንግ በማንበብ ያልፋል፤ ሁለት ቦታ ከሆነ ያ ወር ሁለት ጊዜ ይሄድብሻል።

ይዞ ስለመውጣት፦ ድሮዊንጉና የነጠላ ዋጋ ዝርዝሩ ያንቺ አይደሉም። ነጠላ ዋጋ በተለይ ለጨረታ ተፎካካሪ የሚጠቅም ምስጢር ስለሆነ ፍላሽ ላይ አትገልብጪው። የራስሽን ቴክ ኦፍ፣ የመቁረጫ ዝርዝርና የኪዩብ ሠንጠረዥ የፕሮጀክቱንና የባለቤቱን ስም አጥፍተሽ ለኃላፊው አሳዪና «ይህን ለሥራ ማመልከቻ ላሳይ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። ስምንት አሥር ገጽ በፒዲኤፍ ይበቃል።

የቅጥር ክፍል ባለሙያ

የደብዳቤውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከመመረቅ በፊት የተሠራ ልምምድ በአብዛኛው እንደ ሥራ ልምድ ዓመት አይያዝም። ማስታወቂያው «2 ዓመት» ካለ አራት ወሩን ደምረሽ ማመልከት አትችዪም። የሥራ ልምድ ማስረጃ ከምን እስከ ምን ጊዜ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደተሠራ ይገልጻል፤ ከግል ድርጅት ሲሆን የሥራ ግብር መከፈሉም ይጠየቃል። የኢንተርን ደብዳቤ ይህን አያሟላም። ሲቪ ላይ «የሥራ ልምድ» በሚለው ሥር ብትጽፊውና ማስረጃ ሲመሳከር ልዩነቱ ቢገኝ ሐሰት ተብሎ ፋይልሽ ሊወድቅ ይችላል። «የተግባር ልምምድ» ብለሽ ለብቻው ጻፊው።

የሚጠቅምሽ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ላይ ነው። እዚያ ሁሉም ዲግሪ አለው፣ ሁሉም የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ አልፏል። መጀመሪያ የሚጣራው በውጤት፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ፈተና ነው። እዚህ ድረስ ኢንተርንሺፕ አያሻግርሽም፤ ነጥብሽን አትርሺ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስትደርሺ ግን በአንቺና በሌላው መሀል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

ሲቪ ላይ «በሳይት ሥራ ላይ በንቃት ተሳትፌአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንባቢው ዘሎት ያልፋል። እንዲህ ጻፊ፦ «የሦስት ወለል ኮለንና ሶሌታ ቴክ ኦፍና የፌሮ መቁረጫ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ የኪዩብ ውጤቶችን መዝግቤ ከድሮዊንጉ ደረጃ ጋር አመሳክሬአለሁ።» ሥራውን ያልሠራ ሰው እንዲህ መጻፍ ይችላል፤ ሁለት ጥያቄ ስንጠይቀው ግን ይታወቃል።

ደብዳቤውን የመጨረሻው ቀን ላይ አትጠይቂ፤ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ የሠራሻቸውን ሥራዎች በአራት አምስት መስመር ጽፈሽ ለኃላፊው ስጪ። አለበለዚያ ጸሐፊዋ ካለፈው ዓመት ተማሪ ደብዳቤ ላይ ስም ቀይራ ትሰጥሻለች። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ የጀመርሽበትና የጨረስሽበት ቀን፣ ክፍሉ፣ ዝርዝር ሥራው፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ማኅተም መኖሩን እዚያው እያለሽ አረጋግጪ። ስምሽ ከዲግሪሽ ጋር በፊደል እንዲመሳሰል ይሁን፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ፊደል ሲለያይ ብዙ ያመላልሳል።

ለማጣቀሻ የሥራ አስኪያጁን ስም አትስጪ፤ አያውቅሽም። በየቀኑ ሥራሽን ያየውን የቢሮ ወይም የሳይት መሐንዲስ ፈቃዱን ጠይቀሽ ጻፊ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወጣሽ በኋላ ግንኙነቱ አይቋረጥ። ተቋራጭ አዲስ ፕሮጀክት ሲያሸንፍ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰው ይፈልጋል፤ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ያሉት መሐንዲሶች «የምታውቁት ልጅ አለ?» ይባላሉ። የመውጫ ፈተና ውጤትሽ በወጣ ቀን ለዚያ መሐንዲስ አጭር መልእክት ላኪ፦ ተመርቄአለሁ፣ በዚህ ቀን ሥራ መጀመር እችላለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ዝም የሚሉት ናቸው የሚረሱት።

የኢንተርንሺፕ አማካሪ መምህር

ከዩኒቨርሲቲው በኩል ያለውን በአጭሩ ልጨምር። የዕለት መዝገቡን በየቀኑ ሙዪ፣ በየሳምንቱ አስፈርሚ፤ መጨረሻ ላይ በአንድ ሌሊት የተሞላ መዝገብ በቀለሙም በፊርማውም ያስታውቃል። ሥራ የማይሰጥ ቦታ ከገጠመሽ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ለአማካሪሽ አሳውቂ፤ ከዚያ በኋላ ቦታ መቀየር ይከብዳል፣ ሪፖርትሽም ይጎድላል። ሄልሜትና የደኅንነት ጫማ ድርጅቱ እንደሚሰጥ ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ። ማንም በሥራ ቦታ የማይገባ ነገር ቢናገርሽ ወይም ቢያደርግብሽ «ውጤቴን ይቀንሱብኛል» ብለሽ ዝም እንዳትዪ፤ ለአማካሪሽና ለትስስር ቢሮው ተናገሪ፣ ቦታ ይቀየርልሻል።

አካውንቲንግ ተመራቂ

እኛ አካውንቲንግ የተማርነውስ? ሳይት የለንም። ባለፈው የተመረቅኩ ሲሆን አንድ የግል ድርጅት «ስድስት ወር በኢንተርንነት ያለ ክፍያ ሥራ፣ ከዚያ እናያለን» ብሎኛል። ልግባ?

የሒሳብ ሹም

ወንድሜ፣ የናንተ ሳይት ደረሰኝ ነው። ገብተህ ሦስት ነገር ካልነካህ አትቆይ፦ የባንክ ማስታረቅ፣ የወር የቫት ማሳወቂያና ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት)። 115,000 ብር ቫትን ጨምሮ የተከፈለበት ደረሰኝ ላይ ቫቱ 15,000 ነው፤ ጀማሪ ጠቅላላውን በ15 በመቶ አባዝቶ 17,250 ይጽፋል። ዊዝሆልዲንግም (ከፋዩ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር) የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው። ፔይሮል ላይ ጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ይሰላል፤ 10,000 ከሆነ ከሠራተኛው 7 በመቶ 700፣ ከአሠሪው 11 በመቶ 1,100። የሠራተኛው 700 የሥራ ግብር የሚሰላበትን ገቢ አይቀንስም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፋይል ብቻ የሚያስደረድሩህ ከሆነ ግን ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ሳምንትም ብዙ ነው።

የቅጥር ክፍል ባለሙያ

ለተመራቂው። ተማሪ እያሉ ኢንተርን መሆንና ዲግሪ ይዞ ሙሉ የሥራ ሰዓት መሥራት አንድ አይደሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እንኳ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍ መደረግም አለበት። የሌላ ሠራተኛ መደብ ሸፍነህ ስድስት ወር በነፃ ብትሠራ ደመወዝም ግብርም ስለሌለ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርልህም፤ ጊዜው በሁለት በኩል ይጠፋብሃል።

እምቢ ከማለትህ በፊት ግን ተደራደር። ጊዜውን ወደ ሦስት ወር አውርዱልኝ፣ ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ክፈሉ፣ የምማራቸውን ሥራዎች በጽሑፍ ዘርዝሩ፣ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ትቀጥሩኝ እንደሆነ የሚወስነውን ኃላፊ ንገሩኝ በል። ይህን በአንድ ገጽ ፈርሞ የሚሰጥ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የመቅጠር ሐሳብ አለው። «እንተማመን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ካሉህ ሌላ ቦታ ማመልከትህን አታቋርጥ። ኦሪጅናል የትምህርት ማስረጃህን ለማንም አስይዘህ እንዳትገባ፤ ኮፒ ስጣቸው፣ ኦሪጅናሉን አሳይተህ እዚያው ተቀበል። ለመመዝገቢያ ወይም ለቦታ ማስያዣ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ ደግሞ፣ በቴሌግራምም ይሁን በአካል፣ አትክፈል።